ለአሜሪካ ሬዚደንሲ ስንት ቃለ መጠይቅ ይበቃል? ጥያቄው ከደሴ ሲታይ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በበርካታ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ ስለ ውጭ አገር የስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚደረገው ውይይት በወጣት ሐኪሞች ዘንድ ጎልቶ ይሰማል። ደሴና ኮምቦልቻም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ጥቅምት ገብቶ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የቃለ መጠይቅ ግብዣ መላክ ሲጀምሩ፣ የውይይቱ ማጠንጠኛ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ስንት ቃለ መጠይቅ ይበቃል? አንዱ “አሥራ ሁለት ካልሞላ ተስፋ የለውም” ይላል። ሌላው “የመጣውን ሁሉ ተቀበል፣ አንድም አትጣል” ብሎ ይመክራል። ሦስተኛው ደግሞ ሦስት ጥሩ ቃለ መጠይቅ ያገኘ ሰው ሌላ አያስፈልገውም ባይ ነው።

ሦስቱም አባባሎች የእውነት ጭላንጭል አላቸው። ችግሩ ለማን እንደተነገሩ ሳይጠየቅ ከአፍ ወደ አፍ መዞራቸው ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ለፈተናዎቹና ለማመልከቻው የሚያወጣው ዶላር በብር ሲመነዘር የብዙ ወራት ደመወዙን ይበላል። ስለዚህ በተሳሳተ መለኪያ ተስፋ መቁረጥም ሆነ መዘናጋት ዋጋው ቀላል አይደለም።

አሥራ ሁለት የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ?

ሬዚደንሲ አንድ ሐኪም የሕክምና ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ስፔሻሊስት ለመሆን በሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚወስደው የዓመታት ሥልጠና ነው። በአሜሪካ ወደዚህ ሥልጠና የሚገባው በአብዛኛው “ማች” በሚባለው አገር አቀፍ የማዛመድ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ተቋም በምህጻሩ ኤንአርኤምፒ ይባላል። አመልካቹ መስከረም ላይ ማመልከቻውን ለብዙ የሥልጠና ፕሮግራሞች ይልካል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር የጋበዙት ያነጋግሩታል፤ በየካቲት እሱ ፕሮግራሞቹን፣ ፕሮግራሞቹም አመልካቾችን በየምርጫቸው ቅደም ተከተል ዘርዝረው ለኮምፒውተሩ ያስገባሉ። ውጤቱ በመጋቢት ይወጣል።

ኤንአርኤምፒ በየጊዜው በሚያወጣቸው መረጃዎች ውስጥ “ተከታታይ ምርጫዎች” የሚባል መለኪያ አለ። አመልካቹ በዝርዝሩ ላይ ወደ ሌላ የሕክምና ዘርፍ ሳይሻገር በአንድ ዘርፍ በተከታታይ ያሰፈራቸው ፕሮግራሞች ብዛት ማለት ነው። ቦታ ያገኙ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በአማካይ አሥራ ሁለት አካባቢ ተከታታይ ምርጫ ይኖራቸዋል። ከዚያ በላይ ሲኬድ የማግኘት ዕድሉ መጨመሩን ባያቆምም ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል። የሰፈሩ ሁሉ መለኪያ የሆነው አሥራ ሁለት መነሻው ይህ ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በሌላ ሰው ቁና ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ማች ኤምዲ የሚባለውን የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ ከሚሰጡ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች 93.5 በመቶ የሚሆኑት የአንደኛ ዓመት ቦታ አግኝተዋል። አሜሪካዊ ዜግነት ሳይኖራቸው ከአሜሪካ ውጭ ከተማሩት፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሐኪምም ከሚመደብበት ወገን፣ ያገኙት 58.5 በመቶ ናቸው። ከአሥር አራቱ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል ማለት ነው። የሁለቱ ወገኖች መነሻ ይህን ያህል ተራርቆ ሳለ የአንዱን አማካይ ለሌላው መመሪያ ማድረግ አያስኬድም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ቃለ መጠይቅ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቦታ ማግኘታቸው፣ ብዛቱ ብቻውን ቦታ ሰጣቸው ማለት አይደለም። ውጤቱና ድጋፉ ጠንካራ የሆነ አመልካች ብዙ ግብዣ ይደርሰዋል፤ ያው ጥንካሬው በየቃለ መጠይቁም ይረዳዋል። ከብዛቱ ጀርባ ያለው ጥንካሬ በስሌቱ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል።

ኮምፒውተሩ እንዴት ያዛምዳል?

ስለ ቁጥሩ ከመወሰን በፊት ስሌቱን መረዳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። “ትልቅ ሆስፒታል አንደኛ ካደረግሁ ትንሹም ያመልጠኛል” የሚል ፍርሃት አለ። ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይሠራም።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የደሴ ሐኪም፣ አንድ የኮምቦልቻ ሐኪምና አንድ የካይሮ ሐኪም አሉ እንበል። በቺካጎ፣ በዲትሮይትና በብሮንክስ ያሉ ሦስት ፕሮግራሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ክፍት ቦታ አላቸው። የደሴዋ ሐኪም ምርጫ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ብሮንክስ ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ቺካጎ ላይ ይሞክራታል፤ ቦታው ክፍት ነውና በጊዜያዊነት ትያዛለች። የካይሮው ሐኪም ዲትሮይትን አንደኛ አድርጓል፤ እዚያ ይያዛል። ከዚያ የኮምቦልቻው ሐኪም ይመጣል፤ የእሱም አንደኛ ምርጫ ዲትሮይት ነው፤ ዲትሮይትም በዝርዝሩ ላይ ከማንም በላይ ያስቀመጠው እሱን ነው። ስለዚህ የካይሮው ሐኪም ይለቅና ወደ ሁለተኛ ምርጫው ወደ ቺካጎ ይሄዳል። ቺካጎ ደግሞ የካይሮውን ከደሴዋ አብልጧል። እሷም በተራዋ ትለቅና ወደ ዲትሮይት ትወርዳለች፤ እዚያ የኮምቦልቻው ሐኪም አይነቃነቅም። በመጨረሻ ብሮንክስ ትደርሳለች፤ ቦታው ክፍት ነው፤ ትያዛለች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። የደሴዋ ሐኪም ቺካጎን አንደኛ በማድረጓ ብሮንክስ ላይ የተቀነሰባት ነገር የለም። ሥርዓቱ ከአመልካቹ ምርጫ ስለሚነሣ ልብ የፈቀደውን በቅደም ተከተል ማስፈር አይጎዳም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ማች ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን ይህን ስሌት ያሻሻሉት አልቪን ሮዝ እና ኤሊዮት ፔራንሰን ናቸው፤ ሮዝ ለዚህና ለተመሳሳይ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለተኛው ነገር ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል፤ የሐኪሟ ዝርዝር ሁለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለ ቦታ ትቀር ነበር። ያዳናት ሦስተኛው መስመር ነው። ያ መስመር የተገኘው ደግሞ ሦስተኛውን ቃለ መጠይቅ ስላልተወችው ነው፤ ያላነጋገራትን ፕሮግራም ብታሰፍርም ፕሮግራሙ እሷን በዝርዝሩ ላይ ካላስቀመጣት ዋጋ የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የማች ውጤት አስገዳጅ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ፕሮግራም ቢደርስ “እዚያስ አልሄድም” ማለት አይቻልም። ስለዚህ በምንም ሁኔታ የማይሄዱበትን ፕሮግራም ለማነጋገር መቀመጥ የዝርዝሩን ርዝመት አይጨምርም፤ ጊዜን ብቻ ይበላል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አንድ ፕሮግራም ለአንድ ቦታ አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ማነጋገሩ የተለመደ ነው። ሆኖም ከተነጋገሩት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ስለሚይዙ ፕሮግራሙ በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የአንድ አመልካች ዕድል የግድ አንድ አሥረኛ አይሆንም። ለማስላት ያህል አንድ ቃለ መጠይቅ ቦታ የማስገኘት ዕድሉ አንድ አምስተኛ ነው ብለን እንነሣ። እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ከሌላው ነጻ ነው ብለንም ለጊዜው እንያዝ። ያኔ ሦስት ቃለ መጠይቅ ያለው ሰው ቢያንስ አንድ ቦታ የማግኘት ዕድሉ 49 በመቶ ይሆናል። አምስት ያለው 67፣ ስምንት ያለው 83፣ አሥራ ሁለት ያለው 93፣ አሥራ አምስት ያለው 96.5 በመቶ ይደርሳል። ሃያ ላይ ወደ 99 ይጠጋል።

አካሄዱን ልብ ይሏል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው መሄድ ዕድሉን ከአሥር ነጥብ በላይ ያሳድገዋል። ከአሥራ አምስተኛው ወደ አሥራ ስድስተኛው መሄድ ግን ከአንድ ነጥብ በታች ነው። “የመጣውን ሁሉ ተቀበል” የሚለው ምክር ሦስት ላላት ሐኪም ወርቅ ሲሆን፣ አሥራ ስምንት ላለው ደግሞ ድካም ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የእያንዳንዱን ዕድል ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ እናድርገው። ሦስት ቃለ መጠይቅ 27 በመቶ፣ ስምንት 57፣ አሥራ ሁለት 72፣ አሥራ አምስት 79፣ ሃያ 88 በመቶ ይሰጣል። ለዚህ አመልካች አሥራ ሁለት “በቂ” አይደለም፤ ከአራት አንድ ጊዜ በላይ ባዶ ያስቀረዋል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው።

ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ስናያቸው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይወጣል። አንድ አምስተኛ ዕድል ባላቸው ስምንት ቃለ መጠይቆች የሚገኘው 83 በመቶ ነው፤ አንድ አሥረኛ ዕድል ባላቸው አሥራ አምስት ቃለ መጠይቆች የሚገኘው 79። በዝግጅትና በእረፍት የተደረገ ስምንት፣ በድካምና በጥድፊያ ከተደረገ አሥራ አምስት ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው “ስንት?” ተብሎ ብቻ ሲጠየቅ ጎዶሎ ነው። ተጨማሪው ቃለ መጠይቅ የሌሎቹን ጥራት ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

ስሌቱ የማያሳየው

ከላይ ቃለ መጠይቆቹን እርስ በርስ ነጻ ናቸው ብለናል። በእውነቱ ግን ነጻ አይደሉም። አንድ ሐኪም ከተመረቀ ስምንት ዓመት ቢሆነው፣ ይህን የሚያሳስበው ፕሮግራም አንድ ብቻ አይሆንም፤ ብዙዎቹ በአንድ ዓይን ያዩታል። በእንግሊዝኛ ሐሳቡን ለማስረዳት የሚቸገር ሰውም በአሥሩ ቃለ መጠይቅ የሚቸገረው በተመሳሳይ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ የጋራ ድክመት ሲኖር አሥር ቃለ መጠይቅ እንደ አሥር አይቆጠርም። ድክመቱን ማረም፣ ቢያንስ ግልጽና አጭር ማብራሪያ ማዘጋጀት፣ ከአሥራ አንደኛው ግብዣ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

አቆጣጠሩም ያሳስታል። በውስጥ ደዌ ስድስት፣ በቤተሰብ ሕክምና አራት ቃለ መጠይቅ ያለው ሰው “አሥር አለኝ” ሊል ይችላል፤ በማንኛውም ዘርፍ ቦታ ማግኘት ዓላማው ከሆነ ልክ ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት መሆንን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ግን ያለው ስድስት ነው። “ፕሪሊሚናሪ” የሚባሉት ቦታዎች ደግሞ የአንድ ዓመት ብቻ ናቸው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሥልጠናውን የሚያስቀጥል ቦታ እንደገና መፈለግ ይመጣል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያደርሱት “ካቴጎሪካል” የሚባሉት ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቋት ደምሮ መቁጠር ሐሰተኛ እርጋታ ይሰጣል።

ቪዛውም አለ። ለውጭ አገር ሐኪሞች የተለመደው ጄ-1 የሚባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። ሁሉም ፕሮግራም ቪዛ አይደግፍም፤ ቪዛ የማይደግፍ ፕሮግራም ቢጋብዝም ለኢትዮጵያዊ አመልካች ከዜሮ የሚቆጠር ነው። ይህ ከቃለ መጠይቁ በፊት በአንድ አጭር ኢሜይል ሊጣራ የሚችል ነገር ነው።

ከደሴ ሆኖ መቀመጥ ምን ይጠይቃል?

እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ ቃለ መጠይቅ ማለት የአውሮፕላን ትኬት፣ የጉብኝት ቪዛና የሆቴል ወጪ ማለት ነበር። ብዛቱን የሚወስነው ኪስ ነበር። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ አብዛኛው ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ሆነ። ይህ ለወሎ ሐኪም ትልቅ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ወጪው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከገንዘብ ወደ እንቅልፍ፣ ወደ መብራትና ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ።

አንዱን ቀን ቀረብ ብለን እንየው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለ ፕሮግራም በታኅሣሥ ወር ግብዣ ይልካል፤ ሰዓቱ “8:00 ጠዋት” ይላል። ይህ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በደሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። በእነሱ እስከ ቀትር በኋላ “1:00” ቢዘልቅ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በዋዜማው ከሬዚደንቶቻቸው ጋር የትውውቅ ምሽት ያዘጋጃሉ፤ እነሱ አመሻሽ “6:00” ላይ ሲቀመጡ በደሴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ያለ ፕሮግራም ሲሆን የእነሱ ጠዋት “8:00” ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል። በዚህ ላይ አሜሪካኖች በኅዳር መጀመሪያው እሑዳቸው፣ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በጥቅምት አጋማሽ ከቀኑ 9 ሰዓት የነበረው ያው “8:00” ከዚያ በኋላ 10 ሰዓት ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በባሕር ማዶው መካከል ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ የለመደ ሰው እንኳን ይህን አንድ ሰዓት ሊስት ይችላል። እያንዳንዱን ቀጠሮ በኢትዮጵያ ሰዓት በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል መፍትሔ ነው።

ያ ሐኪም ሌሊቱን 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ጠዋት ክፍል ዞሮ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ካሜራ ፊት ይቀመጣል። በማግስቱ የሌሊት ተረኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀን በሳምንት አንዴ መሸከም ይቻላል። ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ሦስተኛው ፕሮግራም የሚያየው የደከመ ፊት ነው። ተረኝነቱን የሚሸፍኑለት የሥራ ባልደረቦቹ መሆናቸውም አይዘነጋም፤ በሽተኛ ሞልቶ በሚያድርበት ክፍል እያንዳንዱ ቅያሬ ከሌላ ሰው እንቅልፍ ላይ የሚወሰድ ነው። ገናና ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ስለሚውሉ ቅያሬው የበለጠ ይከብዳል።

የኢንተርኔቱ ነገር ለዚህ አካባቢ ተራ ጉዳይ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ግንኙነቱ ቢመለስም መብራት በሄደ ቁጥር የዋይፋይ መሣሪያው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪው የሚይዝ መሆኑ፣ ስልክ በሞባይል ዳታ በተጠንቀቅ መቀመጡ፣ ከተቻለም ጄኔሬተር ያለው የሆቴል ክፍል ለዚያ ምሽት መያዙ የዝግጅቱ አካል ነው። በደሴ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ባለው ጊዜ የመግሪብና የዒሻ አዛን ይሰማል፤ የመኪናው ጡሩምባም አለ። ለዚህ ብሎ መሸማቀቅ አያስፈልግም፤ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ክፍል መምረጥና ማይክሮፎኑን ቀደም ብሎ መሞከር ይበቃል። ግን ይህ ሁሉ በቃለ መጠይቆቹ ብዛት ሲባዛ ምን ያህል እንደሚሆን ሳይሰላ “ሁሉንም ተቀበል” ማለት ተገቢ አይደለም።

ማከማቸትና የገደብ ክርክር

ቪዲዮው ወጪውን ሲያቀል ሌላ ችግር ወለደ። ጠንካራዎቹ አመልካቾች ሃያና ሃያ አምስት ግብዣ መቀበል ቻሉ። አንድ ሰው የሚይዘው ቦታ በመጨረሻ አንድ ነው፤ የቃለ መጠይቅ ቀናት ግን ውሱን ናቸው። አንዱ ያለ ፍላጎት የያዘው ቀን ለሌላው የተዘጋ በር ነው። ይህ “ማከማቸት” ይባላል፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ደግሞ ሁለትና ሦስት ግብዣ የሚጠብቁት የውጭ አገር ተመራቂዎች ናቸው።

መፍትሔው ላይ ስምምነት የለም። አንደኛው ወገን ገደብ ይደረግ ይላል፤ የዓይን ሕክምና ዘርፍ አንድ አመልካች የሚቀበለውን ቃለ መጠይቅ በቁጥር ገድቧል። ሌላው ወገን ገደብ ደካማውን አመልካች ይጎዳል ብሎ ይከራከራል፤ ከላይ እንዳየነው አንድ አሥረኛ ዕድል ያለው ሰው ሃያ ቢኖረው እንኳን ስጋቱ አይለቀውም። ሦስተኛው መንገድ “ሲግናል” የሚባለው ነው። አመልካቹ ከማመልከቻው ጋር ለተወሰኑ ፕሮግራሞች “እናንተን በተለይ እፈልጋለሁ” የሚል ምልክት ይልካል። በውስጥ ደዌ አሁን 15 ምልክት ይሰጣል፤ ሦስቱ “ወርቅ”፣ አሥራ ሁለቱ “ብር” ይባላሉ።

በዚህ ጸሐፊ እይታ ገደቡን የሚቃወሙት ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሃያ ግብዣ የሚደርሰው ሰው በአብዛኛው ዕድሉ አንድ አሥረኛ የሆነው ሰው አይደለም። ገደብ ቢደረግ ከጠንካራው ላይ የሚነሣው ቀን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሦስት ያለው አራትና አምስት ሊያገኝ ይችላል። ስሌቱ ደግሞ እጅግ የሚራራው እዚያ ላይ ነው። ምልክቱም ቢሆን ለውጭ አገር ተመራቂ የሚጠቅመው ስም ላላቸው ፕሮግራሞች ሲባክን ሳይሆን፣ ከዚህ ቀደም ቪዛ ደግፈው የውጭ ተመራቂ ለወሰዱ ሲላክ ነው።

ለሀገር ቤት ምን ማለት ነው?

አንዳንዶች ይህ ምክር ሁሉ ሐኪምን ከወሎ ለማስወጣት የሚደረግ እገዛ ነው ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ የጤና ተቋሞቻቸውም ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር። የሰው ኃይልም ያስፈልጋቸዋል። በሌላ በኩል ጄ-1 ቪዛ ሥልጠናው ሲያልቅ ለሁለት ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታ አለው፤ ቪዛውን ለማግኘትም ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ግዴታውን በአሜሪካ በሐኪም እጦት በሚቸገሩ አካባቢዎች በመሥራት የሚያስነሡበት መንገድ ስላለ ብዙዎች አይመለሱም። ሐኪሙ የሚሄድበት ምክንያት በቃለ መጠይቁ ብዛት ላይ የለም፤ ደመወዙና የሥራው ሁኔታ ላይ ነው። ሁለቱን ማቀላቀል ሁለቱንም ጥያቄ ያለ መልስ ያስቀራል።

የትኛው ይቅር?

ለአብዛኛው የደሴ አመልካች የመቅረት ጥያቄ አይነሣም። አምስትና ከዚያ በታች ግብዣ ያለው ሰው ቪዛ የሚደግፉትን ሁሉ ይቀበል፤ ጊዜውንም በዝግጅት ላይ ያውል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ሰውም እንዲሁ ይቀበል፤ ነገር ግን በሳምንት ከሁለት እንዳይበልጥ ቀኑን ያከፋፍል። አብዛኛው ፕሮግራም የተለያዩ ቀናት አማራጭ ስለሚሰጥ ይህ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉ የሚፈልጉትን ፕሮግራም አለማስቀመጥ ብልኅነት ነው፤ አንደበት የሚፈታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነውና።

ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ እያንዳንዱ አዲስ ግብዣ በራሱ ይመዘን። መጀመሪያ የሚቀሩት ቪዛ የማይደግፉት ናቸው፤ ቀጥሎ የሚበልጥ ካቴጎሪካል ግብዣ ያለው ሰው የፕሪሊሚናሪ ቦታዎቹን ይተው። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ፣ ይህ ፕሮግራም ብቻ ቢደርሰኝ እሄዳለሁ ወይስ ዓመቱን ደግሜ አመለክታለሁ የሚለው ነው። “ደግሜ አመለክታለሁ” የሚል መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም ከዝርዝሩም ከቀን መቁጠሪያውም ይውጣ። ነገር ግን ይህን ለመመለስ መቸኮል አያስፈልግም፤ ማች እንዳልተሳካላቸው ውጤቱ በሚወጣበት ሳምንት ሰኞ የሚሰሙ አመልካቾች በዚያው ሳምንት “ሶፕ” በሚባለው ማሟያ ዙር ላልተያዙ ቦታዎች ይሽቀዳደማሉ፤ ያኔ በኅዳር የናቁት ከተማ በሌላ ዓይን ይታያል።

ከቃለ መጠይቅ በኋላ ፕሮግራሞች የሚልኩት ሞቅ ያለ ኢሜይልም የቀረውን ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም። የማች ደንብ አንዱ ወገን ሌላውን “ስንተኛ አደረግኸኝ?” ብሎ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የሚያስገድደው ነገር ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው።

መቅረት ከተወሰነ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ መጻፍ ይገባል። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ለግብዣው ምስጋና፣ ቀጥሎ ቦታው ለሌላ አመልካች እንዲሰጥ የሚል ጥያቄ። ፕሮግራሞች ተጠባባቂ ዝርዝር ስለሚይዙ የተለቀቀው ቀን ብዙ ጊዜ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሐኪም ይደርሳል።